ስለ ወጣቶች ጥበብና ጥንቃቄ

ቁም ጽሕፈት የሚማር ደቀ መዝሙር መቃውን ቀርጾ ብርዕ ያደርግ ዘንድ ካራ መያዝ ያስፈልገዋል። መምህሩም እጁን ይቈርጠዋል ብሎ ካራውን አይነሣውም፤ አያያዙን አሳይቶ አጠገቡ ይቀመጣል እንጂ። ለዛሬ ልጆቻችን ኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ እንደዚሁ ካራ ናቸው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረት ለማስተማር ውጥን ተጀምሮአል። ይህን መማር የሚሻውን ልጅ ልንከለክለው አይገባም፤ የነገ እንጀራው ነውና።

ነገር ግን ከጥበቡ ጋር ጥንቃቄውን እናስተምረው። የቴሌብር ምስጢር ቍጥሩን፣ በስልኩም የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቍጥር፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ ለሚለው እንኳ አይንገር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ድምፅ አስመስሎ ስለሚሠራ፣ በሚያውቀው ድምፅ ገንዘብ ቢጠየቅ አስቀድሞ ራሱ ደውሎ ያጣራ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የግል ፎቶግራፉን እናወጣለን እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁት ልጅ የእኛን ቍጣ ፈርቶ ዝም ማለቱ ነው። እንዲህ ያለው ማስፈራራት በኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958/2008 ያስቀጣል። ስለዚህ ልጁ ገንዘብ ሳይከፍል፣ መልእክቱንም ሳያጠፋ ወደ ወላጁ ወይም ወደ ንስሐ አባቱ ይምጣ። እኛም ከተግሣጽ በፊት ጆሮ እንስጠው፤ ፈቃዱንም ጠይቀን ከወላጆቹ ጋር ወደ ፖሊስ እንሂድ። እጁን ለቈረጠ ደቀ መዝሙር አስቀድሞ ቍስሉ ይታሰርለታል፤ የካራው ትምህርት ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።