ላንድክሩዘር በጉና ዳገት

የቅንጦት የቤተሰብ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የመቀመጫውን ቆዳ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚነዳ ሰው ግን ቀዳሚው ጥያቄ ስለ አየር ሊሆን ይገባል።

ነፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር የሚስበው የአየር ይዘት ባይለወጥም ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ በወረቀት 130 ያህል የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት 100 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ቱርቦ አየሩን አምቆ በማስገባት ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር ስለማያሻው ችግሩ አይነካውም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች ላንድክሩዘር ፈላጊ በአብዛኛው የሚያማርጠው ካገለገሉት ነው። እዚህ ላይ፣ በእኔ እምነት፣ ከሚያብረቀርቀው ቀለም ይልቅ የራዲያተሩ ክዳን ብዙ ይናገራል። ውሃ በ3000 ሜትር ከፍታ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ሞተሩም ዘወትር የሚሠራው በዚሁ ሙቀት አካባቢ ነው። እንዳይፈላ የሚያግደው በዋናነት ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ቆላ ላይ ገመናውን ሸሽጎ ቢቆይም፣ መኪናው ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ሲወጣ ያፈላል። ምርመራው ግን ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን፤ ታምቆ የቆየ ትኩስ ውሃ ፊት ያቃጥላል።