በደጃችን ያሉት ሁለት ወፎች

የዓለም ድንቅ ነገር ሲነሣ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ሩቅ አገር ይሸሻል። ስለ ፔንግዊን የምናውቀውን ያህል በየግራሩ ላይ ስለምናየው ወፍ አለማወቃችን ግን ያሳፍረናል። ስለዚህ ዛሬ ከቦረና ምድር ሳንወጣ ስለ ሁለት ወፎች እንነጋገራለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ አካባቢ የሚኖረው የቁጥቋጦ ቁራ ነው። ገላው አመድማ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ላባ የሌለው ቆዳ ሰማያዊ ነው። ሳይንስ ስም ያወጣለት በ1938 ሲሆን፣ ከዚህ ጠባብ ምድር በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ሊቃውንትን ያስቸገራቸውም ይኸው ነበር። ወፉ ምግብ አይመርጥም፤ ሰውንም ብዙ አይፈራም፤ መንደር ገብቶ የከብት እበት እየገለበጠ ትል ይለቅማል። ከሚኖርበት ቦታ ወጣ ሲባልም ያው ግራር፣ ያው ከብት አለ። ታዲያ ለምን አይሻገርም?

በ2012 የወጣ ጥናት ያገደው ሙቀት መሆኑን ገለጸ። ወፉ የሚኖርበት ምድር አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ዙሪያው ግን ከዚያ ይበልጣል። በዓይን የማይታይ አጥር ማለት ይህ ነው! በኋላም ተመራማሪዎች በቀትር ሲከታተሉት፣ አብረውት ያሉት ሌሎች ወፎች ገና ሳይጨነቁ እርሱ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ አገኙት። እንግዲህ የዓለም ሙቀት በጨመረ ቁጥር አጥሩ ወደ ውስጥ ይጠብበታል።

ሁለተኛው ከነገሌ ከተማችን ወጣ ብሎ በሊበን ሜዳ ሣር ውስጥ የሚኖረው ሊበን ላርክ ነው። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ሲያዩት የማያስደንቅ ወፍ ነው። በሜዳችን የተገኘው በ1968 ሲሆን፣ ዛሬ ከሊበን ሌላ የሚታወቀው በጅጅጋ አካባቢ ብቻ ነው። ጎጆውን የሚሠራው መሬት ላይ ነውና ሣሩ ካጠረ መደበቂያ ያጣል። ሜዳው ግን በቁጥቋጦ እየተወረረ፣ እየታረሰም ጠበበ። በ2009 ተመራማሪዎች ከአፍሪካ ዋና ምድር በታወቀ ታሪክ መጀመሪያ የሚጠፋው ወፍ ይህ ሊሆን ይችላል ብለው አስጠነቀቁ።

ቦረናዎች ለበጋ ጊዜ፣ ለጥጆችና ለደካማ ከብት ሣር የሚከልሉበት ካሎ የሚባል የቆየ ልማድ አላቸው። የሊበን ነዋሪዎችም ቁጥቋጦውን መንጥረው ካሎ ከልለዋል፤ ለጥጃው የተጠበቀው ሣር ለወፉም መጠለያ ይሆናል። ዝናብ ከጣለ በኋላ በማለዳ ወደ ሜዳው የወጣ ሰው፣ ከሣሩ ተነሥቶ እየበረረ ሲዘምር ሊሰማው ይችላል።