ጃቫስክሪፕት ሲጠፋ የሱቃችሁ አድራሻ እንዳይጠፋ

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ሱቆች ከአዲስ አበባ ፒያሳ ተነሥተዋል። የቆየ ደንበኛ የለመደውን ወርቅ ቤት ሲያጣ ስልኩን አውጥቶ ስሙን ይፈልጋል። ብሮውዘሩ ላይ ጃቫስክሪፕት ቢጠፋም አዲሱን ቦታ ማየት አለበት።

1. በኮምፒውተር ክሮምን ክፈቱ። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ ግቡና ጃቫስክሪፕትን አጥፉ።

2. ድረ ገጻችሁን እንደገና ክፈቱ። የጠፋውን ሁሉ ወረቀት ላይ መዝግቡ።

3. የሱቁን ስም፣ ስልክና የሥራ ሰዓት በቀጥታ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ጻፉ። በስክሪፕት ተጠርቶ የሚመጣ አይሁን።

4. አድራሻውን በቃላት አስቀምጡ። ገጹ ላይ የተለጠፈ የጎግል ካርታ ያለ ጃቫስክሪፕት አይሠራም። አዲስ አበባ ደግሞ ሰው ቦታ የሚያገኘው በታወቀ ምልክት ነው፦ «ከማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት»፣ «አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ»። ከምልክቱ ቀጥሎ የሕንጻውን ስም፣ ፎቁንና የሱቅ ቁጥሩን ጻፉ። የድሮውን ቦታም አትሰርዙ፤ «ቀድሞ እዚህ የነበርነው» ብላችሁ ከሥሩ አስገቡት። ደንበኛው እናንተ መሆናችሁን የሚያውቀው በዚያ ነው።

5. ስልኩን ሲነኩት የሚደውል ሊንክ አድርጉት። በ+251 ጀምሩ፤ የመጀመሪያዋን ዜሮ ጣሏት። አለበለዚያ ከውጭ አገር የሚደውል አያገኛችሁም።

6. የገጹን ማውጫ (ሜኑ) ክፍት አድርጋችሁ ሥሩ። መዝጋቱን ለስክሪፕቱ ተዉት።

7. የቀለበትና የሐብል ፎቶዎችን በተለመደው የኢሜጅ ታግ አስገቡ።

8. የትእዛዝ ፎርሙ በራሱ ወደ ሰርቨሩ እንዲልክ አድርጉ፤ የሚላክበትን አድራሻ በፎርሙ ታግ ላይ ጻፉ። የተሞላውን ሰርቨሩም ይፈትሽ።

9. አሁን ኖስክሪፕት የተባለውን ታግ ጨምሩ። «ፎርሙ ካስቸገረዎ ይደውሉልን» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል። ደንበኛውን «ጃቫስክሪፕት ያብሩ» ብላችሁ አታስቸግሩት። ተጠንቀቁ፦ ይህ ታግ የሚታየው ጃቫስክሪፕት ሲጠፋ ብቻ ነው። ኔትወርክ ተቆራርጦ ስክሪፕቱ መንገድ ላይ ከቀረ አይታይም። ከደረጃ 3 እስከ 8 ያለውን በእርሱ አትተኩ።

10. ኦፔራ ሚኒን ስልክ ላይ ጫኑ። ኤክስትሪም የሚባለውን ዳታ ቆጣቢ አሠራር ምረጡ። እዚያ ስክሪፕት የሚሠራው በኦፔራ ሰርቨር ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ደካማው ክፍል ወዲያው ይጋለጣል።

11. ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ ገጹን ክፈቱ። አድራሻው ከታየ፣ ስልኩም ከደወለ፣ ክሮም ላይ ጃቫስክሪፕቱን መልሳችሁ አብሩ።