ስለ ወረርሽኝ ክትባትና ካህን ስለሚሰጠው ምክር



በዚህ ወር የምንማማርበት ነገር፥ ወረርሽኝ ተነሥቶ የመከላከያው መድኃኒት በተገኘ ጊዜ ሕዝብ መድኃኒቱን የሚቀበለው ወይም የሚሸሸው ስለ ምን እንደ ሆነ፥ ካህንም በዚያን ጊዜ ምን ሊናገር እንደሚገባው ነው። ይህ የሐኪሞች እንጂ የካህናት ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር፥ ብዙዎች ምእመናን ወደ ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን እንደሚጠይቁ ያስብ።

በ1911 ዓ.ም. አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ብለው የጠሩት ኢንፍሉዌንዛ አገራችንን መታ። በዓለም ሁሉ የተዛመተው ያው ወረርሽኝ ነበረ። በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ዐለቀ፤ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው በጭንቅ ተረፉ። ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ የዚያ መከራ መታሰቢያ እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያ ዘመን ግን ልከተብ ወይስ ልተው ብሎ የተጨነቀ ሰው አልነበረም፤ ክትባቱ አልነበረምና። የበሽታው ተሕዋስ እንኳ ከሰው ተወስዶ ተለይቶ የታወቀው ከ14 ዓመት በኋላ በ1925 ዓ.ም. ነው። እነርሱ ባላቸው፥ ይኸውም በምሕላና ድውይን በማስታመም በረቱ። እኛ ግን መድኃኒቱ ከተገኘበት ዘመን ደርሰናልና ጥያቄያችን ከእነርሱ ይልቅ ይከብዳል።

ክትባት ምንድር ነው ቢሉ፥ የሞተውን ወይም የተዳከመውን ተሕዋስ፥ ወይም ከእርሱ የተወሰደውን ክፍል፥ ለሰውነት አስቀድሞ ማስተዋወቅ ነው። የጠላቱን መልክ አስቀድሞ ያወቀ ዘበኛ በሌሊት እንደማይደናገር፥ ሰውነትም እንዲሁ ነው። ኢንፍሉዌንዛ መልኩን እየለዋወጠ ስለሚመጣ፥ አዲስ ዓይነት በተነሣ ቍጥር አዲስ ክትባት ያስፈልጋል። ነገሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን ሐኪም ቤት ሳይሠራ ከፈንጣጣ ቍስል ወስደው ጤነኛውን ይከትቡ ነበርና።

አሁን ወደ ምሳሌው እንመለስ። ሰኔ 4 ቀን 2001 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ መነሣቱን አስታወቀ፤ ክትባቱም በጥቂት ወራት ተዘጋጀ። በስዊድን ከመቶው ሰው 60 ያህሉ ተከተበ። በፈረንሳይ ግን መንግሥት ለ94 ሚሊዮን ክትባት ትእዛዝ ሰጥቶ ሳለ፥ ከመቶው ሰው የተከተበው ዐሥር እንኳ አልሞላም። ሁለቱም ሀብትና ትምህርት ያላቸው አገሮች ናቸው፤ ስለ ምን እንዲህ ተለያዩ ቢሉ፥ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ ብዙዎች በሽታውን ቀላል ነው ብለው ናቁት፤ ሌሎች መድኃኒቱ በችኮላ ተሠራ ብለው ፈሩት። ከዚህም ጋራ ክትባቱ በተለዩ አዳራሾች እንዲሰጥ ተወስኖ፥ ሕዝቡ የሚያውቃቸውና የሚያምናቸው የየሰፈሩ ሐኪሞች እስከ ጥር 2002 ዓ.ም. ድረስ ከሥራው ተለይተው ቆዩ። ሰው ክንዱን የሚዘረጋው ለሚያምነው ነውና ይህ ታላቅ ስሕተት ነበር።

ሆኖም የፈሩትን ሁሉ ሰነፎች ናቸው ብለን ልንነቅፍ አይገባም። በአሜሪካ በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ይመጣል ለተባለ ወረርሽኝ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ፤ ወረርሽኙ ግን አልመጣም። ከተከተቡትም ከመቶ ሺህ አንድ ያህሉ ሰውነትን በሚያዝል የጅማት በሽታ ስለ ተያዙ ክትባቱ ቆመ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻም በስዊድንና በፊንላንድ፥ በአንዱ ዓይነት ክትባት ምክንያት ጥቂት ልጆችና ወጣቶች ያለ ጊዜው እንቅልፍ በሚጥል ደዌ እንደ ተያዙ ታወቀ። ይህን መሸሸግ ሐሰት ነው። በሌላው ወገን ግን ያ ቀላል ነው የተባለ ወረርሽኝ በመጀመሪያው ዓመት ከ150 ሺህ እስከ 575 ሺህ ሰው እንደ ገደለ ሊቃውንት ገምተዋል፤ ከሟቾቹም ከመቶው 80ው ዕድሜያቸው 65 ያልሞላ ነበሩ። ስለዚህ ብልህ ሰው ሁለቱንም በሚዛን ያኖራል፤ አንዱን ብቻ አይቶ አይፈርድም።

እምነት ያለው ሰው ክትባት አያሻውም የሚሉ አሉ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ግን እንደሚድን ከእግዚአብሔር ተስፋ ከተቀበለ በኋላ፥ ነቢዩ ኢሳይያስ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያኖሩ አዘዘ። ተስፋውም መድኃኒቱም ከአንዱ ጌታ ነበሩና አልተጣሉም። ጸበልና ክትባትም እንዲሁ አይጣሉም። ጌታችንም ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ እንቢ ማለቱ፥ ያለ ምክንያት ወደ አደጋ መግባት እምነት እንዳይደለ ያስተምረናል። አንድም፥ ክትባት ለራስ ብቻ አይደለም። በቅዳሴ ጊዜ በአጠገባችን ሽማግሌ፥ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያዘለች እናት ይቆማሉ፤ በሽታው በእነዚህ ላይ ይበረታል።

እኔም ጸሐፊው በደሌን ልናዘዝ። በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት በመጣ ጊዜ አንዲት አረጋዊት የንስሐ ልጄ፥ «አባቴ፥ ልከተብ ወይስ ልተው?» ብለው ጠየቁኝ። የሰውን ሐሜት ፈርቼ፥ «እግዚአብሔር የፈቀደው ይሁን» ብዬ አለፍሁ። ቃሉ መልካም ነው፤ እኔ ግን መሸሸጊያ አደረግሁት። ሳይከተቡ ቀሩ፤ ከወራትም በኋላ በዚያው በሽታ ዐረፉ። ቢከተቡ በርግጥ በዳኑ ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ለጥያቄያቸው መልስ ሳልሰጥ ለፍትሐታቸው ቆምሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ ወረርሽኝ ሳይመጣ በየአጥቢያችን ካሉ የጤና ባለሙያዎች ጋራ እንተዋወቅ፤ የማናውቀውን እንጠይቅ። ጥቅሙንም ጉዳቱንም ሳንሸሽግ እንንገር፤ ክትባቱ የማይስማማው ሕመም ያለበትን ሰው ወደ ሐኪም እንምራ እንጂ አናስገድድ። የሚገባን ሲሆን አስቀድመን እኛው ተከትበን ለሕዝቡ እንታይ። ምእመናንም ወሬ ከሚያበዛ ሰው ይልቅ የሚያውቀውን ጠይቁ።

እግዚአብሔር አገራችንን ከቸነፈር ይጠብቅልን፤ በመጣም ጊዜ እውነትን የምንናገርበትን ድፍረት ይስጠን፤ አሜን።