የወተት ጣሳ ኤኒግማ፦ በአማርኛ ፊደል የሚሠራ የምስጢር መጻፊያ

ነቀምት ያለውን የወለጋ ሙዚየም የጎበኘ ሰው ግቢው ውስጥ የጣሊያን የጦር አውሮፕላን ቅሪት አይቷል። ወለጋ የጣሊያንን ወረራ ከሁለት ጫፍ ታውቀዋለች። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያኑን ጄኔራል ማሊዮኮንና ባልደረቦቹን የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሌሊት ገደሏቸው። ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ደምቢ ዶሎ ላይ ከኮንጎ ለመጣው የቤልጂግ ጦር እጁን ሰጠ። በዚያ የመጨረሻ ዘመቻ እንግሊዞች የጣሊያኖችን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ይፈቱት ነበር።

የጣሊያን ምድር ጦር ይበልጥ የሚታመነው በኮድ መጽሐፍ ነበር። ባሕር ኃይሉ ግን ኤኒግማ የተባለውን የምስጢር መጻፊያ መኪና ይጠቀም ስለነበር፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. በማታፓን የባሕር ውጊያ የደረሰበትን ሽንፈት ያፋጠነው የዚሁ መኪና ምስጢር መፈታት ነው። ዛሬ በየአገሩ ኤኒግማን በወረቀት የሚሠሩ አሉ፤ በብዛት ግን የሚሠሩት ለ26 የላቲን ፊደላት ነው። የእኛን ፊደል ለመጻፍ ሌላ መላ ያስፈልጋል። የሚከተለው ለትምህርት ቤት ክበብም ለቤትም ይሆናል።

መጀመሪያ ፊደሉን እናሳጥር። 33ቱ የፊደል ቤቶች ለጣሳ ይበዛሉ። ሐንና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ይተኩ፤ 28 ቤቶች ይቀራሉ። ቁጥሩ ሙሉ መሆኑ ግድ ነው፤ ጎዶሎ ከሆነ አንዱ ቤት ጥንድ ያጣል። ቨን በበ ይጻፉ፤ «ቋንቋ» ያለውን ደግሞ «ቁአንቁአ» ያድርጉት። ንባቡ ትንሽ ይሻክራል እንጂ ትርጉሙ አይጠፋም።

ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ያግኙ። ዙሪያውን በክር ለክተው ርዝመቱን ለ28 ያካፍሉ፤ ዙሪያው 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ከዚያ አራት የወረቀት ጥብጣብ ይቁረጡ፤ እያንዳንዱ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ይስፋ። ሁሉንም በዚያው ልክ 28 ክፍል ያስምሩባቸው።

በቀኝ የሚሆነው ቋሚው ነው፤ ከሀ እስከ ፐ 28ቱን ቤቶች በተራ ይጻፉበትና ከጣሳው ጋር ያጣብቁት። ከእሱ ቀጥሎ ሁለት የሚዞሩ ቀለበቶች ይመጣሉ። በእያንዳንዱ ቀለበት ቀኝ ጠርዝ ላይ ከ1 እስከ 28 በተራ ይጻፉ። 28 ቁራጭ ወረቀት ላይ ቁጥሮቹን ጽፈው በኩባያ ይነቅንቁ፤ አንድ በአንድ እያወጡ በዕጣ ቅደም ተከተል በግራው ጠርዝ ላይ ያስፍሩ። ለሁለተኛው ቀለበት ዕጣውን እንደገና ይጣሉ። ብዙ ሰዎች ቁጥር በመጻፍ ፈንታ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ መስመር ይስባሉ፤ 28 መስመር ተጠላልፎ ዓይን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። ቀለበቶቹ በቀላሉ እንዲዞሩ ጫፍና ጫፋቸውን ብቻ በፕላስተር ያያይዙ፤ ጣሳውን ሙጫ እንዳይነካው።

በስተግራ ጥግ ያለው መላሽ ነው። ከ፩ እስከ ፲፬ ያሉትን የግዕዝ ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በተዘበራረቀ ቦታ ይጻፉና ያጣብቁት። ከመጠቅለልዎ በፊት ሁሉንም ፎቶ ኮፒ ያስነሡ፤ ተቀባዩ ያለ ተመሳሳይ ጣሳ ምንም ማንበብ አይችልም።

አሁን አንድ ፊደል እንላክ፤ ለምሳሌ ነ። የመጀመሪያውን ቀለበት አንድ ክፍል ወደ ራስዎ ያዙሩ፤ ከእያንዳንዱ ፊደል በፊት እንዲሁ ያደርጋሉ። ቋሚው ላይ ነን ይፈልጉ፤ ጎኑ ያለው ቁጥር 17 ነው እንበል። በዚያው ቀለበት ግራ ጠርዝ 17ን ያግኙ፤ ከእሱ ጎን በሁለተኛው ቀለበት ላይ 5 ቢያገኙ፣ 5ን በግራው ጠርዝ ይፈልጉ። መላሹ ላይ ፱ ደረሱ እንበል። ወደ ሌላው ፱ ይሻገሩና በመጡበት አኳኋን ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሱ። ቋሚው ላይ የሚያርፉበት ቤት፣ ለ እንበል፣ መልሱ ነው። አንደኛው ቀለበት 28 ክፍል ዞሮ ሲጨርስ ሁለተኛው አንድ ክፍል ይዞራል። ለመፍታት ሌላ ዘዴ አይሻም፤ ቀለበቶቹን መጀመሪያ ወደ ተነሡበት ቦታ መልሰው የተመሰጠረውን ጽሑፍ ያንኑ መንገድ ማስኬድ ብቻ ነው።

የቀረው ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የምንለው ነው። እነዚህን ከ1 እስከ 7 ይቁጠሩና የመነሻ ቁጥር ይስማሙ። ከመነሻው ላይ የፊደሉን ቁጥር ይቀንሱ፤ ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 7 ይጨምሩ። ለሚቀጥለው ፊደል መነሻው በአንድ ያድጋል፤ ከ7 በኋላ ወደ 1 ይመለሳል። «ነቀምት»ን በመነሻ 3 እንሞክር። ነ ግዕዝ ነው፤ 3 ሲቀነስ 1፣ ካዕብ። ቀ፦ 4 ሲቀነስ 1፣ ሣልስ። ም፦ 5 ሲቀነስ 6፣ ከዜሮ በታች ስለሆነ 7 ሲጨመር ሳድስ። ት፦ 6 ሲቀነስ 6፣ ዜሮ፤ ሳብዕ። ቀለበቶቹ ቤቱን ለ፣ ፈ፣ ወ፣ ገ ቢያወጡልዎ «ሉፊውጎ» ይላካል።

ጨዋታው የሚጥመው ሲሰብሩት ነው። የኤኒግማ ትልቁ ጉድለት አንድን ፊደል መልሶ በራሱ አለመጻፉ ነበር፤ የእኛም ጣሳ ያንኑ ወርሷል፣ ምክንያቱም መላሹ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ክፍል ያሻግራል። ስለዚህ በመልእክቱ ውስጥ ሊኖር የሚችል ቃል ይገምቱ። የአማርኛ ደብዳቤ «ይድረስ» ሳይል መነሣት አይሆንለትም፤ ለምስጢር ፈቺ ከዚህ የተሻለ ሲሳይ የለም።

ጓደኛዎ ለማደናገር ሁለት ፊደል ከፊት አስቀድሞ «ኩሞሬግቤጠ» ላከ እንበል። «ይድረስ»ን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር ቢያስቀምጡ ረ ከሬ ጋር ይገጥማል፤ ቤታቸው አንድ ስለሆነ ያ ቦታ ወደቀ። አንድ ፊደል ያንሸራትቱ። እዚህ የቤት ግጭት የለም፤ ነገር ግን የላይና የታች ቁጥሮችን ይደምሩ፣ ከ7 ከበለጠ 7 ይቀንሱ። ይ ከሞ ጋር 6፣ ድ ከሬ ጋር 4። ድምሩ የመነሻው ቁጥር ስለሆነ በአንድ በአንድ ማደግ ሲገባው ወርዷል፤ ይህም ወደቀ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ይ ከሬ 4፣ ድ ከግ 5፣ ረ ከቤ 6፣ ስ ከጠ 7። ቃሉ ተገኘ። ወደ ኋላ ሁለት ሲቆጥሩ መነሻው 2 እንደነበር ይወጣል፤ የመልእክቱ ግዕዝ፣ ካዕብና ሣልስ በሙሉ በእጅዎ ገባ።

በእኔ ግምት ይህ ጣሳ የሚሸነፈው በቀለበቶቹ ሳይሆን በዚህ ቆጠራ ነው። ፊደላችን ከ200 በላይ ነውና አይፈታም የሚል ካለ አይመኑት፤ ብዛቱ ራሱ ተጨማሪ ቀዳዳ ከፍቷል። ማጠንከር ከፈለጉ መነሻው በአንድ ከማደግ ይልቅ አስቀድመው በተስማሙበት ያልተስተካከለ የቁጥር ዝርዝር ይሂድ። ያም ቢሆን የባንክ የይለፍ ቃልዎን አይላኩበት።

የድሮ ወረቀት ያገኘ ሰውም ይኖራል። በቁጥር ብቻ የተሞላ የጣሊያን ዘመን ቴሌግራም ከሆነ በጣሳ አይፈታም፤ የኮድ መጽሐፉ ወይም ብዙ ተመሳሳይ መልእክቶች ያስፈልጋሉ። ፕላስቲክ አያስለብሱት፣ በፕላስተርም አይጠግኑት። ፎቶ ያንሡት፣ የት እንደተገኘና በማን እጅ እንደቆየ ይጻፉ፣ ከዚያ ለሙዚየም ያሳዩት።