ከሐሳብ ወደ እጅ፦ የአንጎል ሲግናል ለስትሮክ ሕክምና

ስትሮክ የመታው ሰው እጁን ማንቀሳቀስ ሲያቅተው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው ጡንቻው ሳይሆን ትእዛዙ የሚነሣበት ወይም የሚያልፍበት የአንጎል ክፍል ነው። ሰውየው ይሞክራል፤ መልእክቱ ግን እጁ ላይ አይደርስም። ብሬይን ኮምፒውተር ኢንተርፌስ፣ በምህጻሩ ቢሲአይ፣ ይህን ሙከራ ከአንጎል ሲግናል ለይቶ እጁን በኤሌክትሪክ ወይም በሮቦት ያንቀሳቅስለታል። ሥራው አራት ደረጃዎች አሉት።

1. መቅዳት፦ በራስ ቆዳ ላይ የሚቀመጡ ኤሌክትሮዶች የሚያገኙት ሲግናል በማይክሮቮልት የሚለካ ነው። አንድ የዐይን ጥቅሻ እንኳ ሊሸፍነው ይችላል።

2. ማጽዳት፦ የዐይንና የጡንቻ ረብሻ ይወገዳል። ከመብራት መስመር የሚገባው ድምፅም ይጣራል፤ እሱም በአሜሪካ 60 ኸርዝ፣ በአውሮፓና በኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ነው።

3. ምልክቱን መፈለግ፦ ሰው እጁን ለማንቀሳቀስ ሲሞክር፣ ከ8 እስከ 13 ኸርዝ ያለው ሚዩ የሚባል ሞገድ ይዳከማል። ልብ በሉ፤ የምንፈልገው የሚጨምረውን ሳይሆን የሚቀንሰውን ነው። ለቀኝ እጅ በግራው የአንጎል ክፍል ላይ ያለው ሲ3 ኤሌክትሮድ፣ ለግራ እጅ ደግሞ ሲ4 ይታያል።

4. መወሰን፦ ከታካሚው ሲግናል የተማረ ፕሮግራም «ሞክሯል» ወይም «አልሞከረም» ብሎ ይለያል።

ታዲያ ማሽኑ እጁን ዝም ብሎ ቢያንቀሳቅሰው ምን ይጎድላል? የሚጎድለው ጊዜው ነው። በ2018 በኔቸር ኮሙኒኬሽንስ የወጣ ጥናት 27 ታካሚዎችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ አግኝተዋል፤ ማነቃቂያው ከአንጎላቸው ሙከራ ጋር የተገናኘላቸው ግን የተሻለ አገግመዋል። አንጎል አዲስ መንገድ የሚያበጀው ሙከራውና የእጁ ምላሽ ሲገጣጠሙ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከዘገየ ወይም ከተሳሳተ የሚበላሸው ሕክምናው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለ። ጥቅጥቅ ባለና በተጠቀለለ ፀጉር ወይም በሹሩባ ላይ የተለመደው ኤሌክትሮድ ቆዳውን በደንብ አይነካም፤ ሲግናሉም ይበላሻል። በዚህ ምክንያት እንደ እናቶቻችን ያሉ ሰዎች ከጥናት ከቀሩ፣ ፕሮግራሙም የእነሱን ሲግናል ሳይማር ይቀራል። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በሹሩባ መስመሮች መካከል የሚገባ ኤሌክትሮድ ተሠርቷል፤ ችግሩ መፍትሔ አለው ማለት ነው።

ባዮሜዲካል፣ ኤሌክትሪካል ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠኑ እኅቶችና ወንድሞች፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርእስ ስትመርጡ ይህን አስቡበት። የመጀመሪያው ጥያቄ ከኮዱ በፊት ይመጣል፦ ኤሌክትሮዱ የማንን ራስ ይነካል?