ስቶንዌር በቤተሰብ፤ ከአፈር እስከ እቶን

በጃፓን ኪዩሹ ደሴት፣ ሂታ ከተማ አጠገብ ኦንታ የምትባል ተራራማ መንደር አለች። እዚያ ከ1705 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸክላ ይሠራል። ዛሬ ሙያውን የያዙት አሥር ያህል ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። ሥራው ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ከውጭ ሠራተኛ አይቀጠርም፤ በዕቃው ሥር የሠሪው ስም አይጻፍም። የጃፓን መንግሥትም በ1995 አሠራሩን ከአገሪቱ ዋና ዋና የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። የራሱን ወርክሾፕ ለመክፈት የሚያስብ ቤተሰብ ከኦንታ የሚማረው አንድ ቁም ነገር አለ፦ ተመልካች የሚከበው የመንኮራኩሩ ሥራ ከሁሉም አጭሩ ነው። ድካሙ አፈሩና እሳቱ ላይ ነው።

ስቶንዌር ከጀበናና ከምጣድ የሚለየው በእሳቱ ነው። ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚተኮስ ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይደርስም። ስለዚህ ውስጡ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ሳይሟሽም ሥራ ላይ አይውልም። ስቶንዌር ግን ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ ስለሚተኮስ የአፈሩ ቅንጣቶች በከፊል ቀልጠው ይጣበቃሉ፤ ውሃም ያን ያህል አያሳልፍም። ለጀበና የሚሆነው አፈር እዚህ እሳት ውስጥ ቢገባ በአብዛኛው ይጣመማል ወይም ቀልጦ የእቶኑ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

አፈሩ

ኦንታ ውስጥ አፈር የሚቆፈረው በጋራ ነው፤ ከዚያ ለየቤቱ ይከፋፈላል። የደረቀው ጓል ካራኡሱ በሚባል፣ በወንዝ ውሃ በሚሠራ ትልቅ መውቀጫ ይደቅቃል። አንድ ጫፉ የተቦረቦረ ግንድ ውሃ ሲሞላበት ያዘነብልና ውሃውን ይደፋል። ያኔ ተነሥቶ የነበረው ሌላኛው ጫፍ ወድቆ እንደ ዘነዘና አፈሩን ይወቅጣል። ቀንና ሌሊት እንዲህ ለሳምንታት ይዘልቃል። በ1996 ይህ ድምፅ ተጠብቀው ሊቆዩ ይገባል ከተባሉት መቶ የጃፓን ድምፆች አንዱ ሆኖ ተመርጧል፤ ለመንደሩ ሰዎች ግን ዞሮ ዞሮ የአፈር ወፍጮ ነው። ዱቄቱን በውሃ መበጥበጥ፣ በወንፊት ማጣራትና ውሃውን ማንጠፍጠፍ በልማድ የሴቶቹ ድርሻ ነው። ገበያ ላይ ስማቸው አይነሣም፤ ያለ እነርሱ ግን አንድ ሳህን አይወጣም።

ወንዝ የሌለው ወርክሾፕ የተዘጋጀ የስቶንዌር ጭቃ ቢገዛ ይሻላል። ራሱ ለሚቆፍር ግን የመጀመሪያው ሥራ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ነው። እርጥብ ጓል ውሃ ውስጥ ቢከርምም በቀላሉ አይፈርስም፤ ደረቁ ወዲያው ይበተናል። ከተበጠበጠ በኋላ በደቃቅ ወንፊት ይጣራል፤ ከዚያ በጀሶ ሰሌዳ ወይም በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ለመታሸት እስኪመች ድረስ ውሃው ይመጠጣል። በላስቲክ ተጠቅልሎ ጥቂት ሳምንታት ሲቀመጥ ደግሞ ይለሰልሳል።

ከዚያ ሁለት ሙከራዎች ይደረጋሉ፤ እነዚህን መዝለል በኋላ እቶን ሙሉ ዕቃ ያስጥላል። አንደኛው የመኮማተር ሙከራ ነው። ከእርጥብ ጭቃ ትንሽ ዘንግ ተሠርቶ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር ይጫርበታል፤ ከተተኮሰ በኋላ መስመሩ 8.8 ከሆነ ጭቃው 12 በመቶ ይኮማተራል። ስለዚህ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩባያ የሚፈልግ ሰው እርጥቡን 11.4 አድርጎ ይሠራል። ሁለተኛው ውሃ የመምጠጥ ሙከራ ነው። ግሌዝ የሚባለው ልባስ ያልተቀባ የተተኮሰ ቁራጭ ይመዘናል፣ ለሁለት ሰዓት ይቀቀላል፣ ውሃው ውስጥ አድሮ እንደገና ይመዘናል። 200 ግራም የነበረው 204 ከመዘነ ሁለት በመቶ መጥጧል፤ ይህ ጥሩ ነው። ከሦስት በመቶ ካለፈ እሳቱ ወይም አፈሩ ይስተካከላል። ያልታወቀ አፈር መጀመሪያ ሲተኮስ ከሥሩ ሳህን ይደረግለት፤ ቢቀልጥ ሳህኑ ላይ ይቀራል።

ቅርጹና ማድረቁ

ጭቃው አየሩ እስኪወጣና ውስጡ አንድ ዓይነት እስኪሆን በደንብ ይታሻል። መንኮራኩሩ ላይ መሀል ይያዝና ይከፈታል፤ ግድግዳው አራት እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት እስኪቀረው ወደ ላይ ይሳባል። ወለሉን በጣት መጫን አይዘንጋ፤ ያልተጫነ ወለል ሲደርቅ መሀሉ ይሰነጠቃል። የቀረው የእጅ ልምምድ ነው።

ዕቃው ሲነሣ የማይጣመም፣ ጥፍር ሲነካው ግን ምልክት የሚቀበል ሲሆን ተገልብጦ እግሩ ይፋቃል። የኦንታ ሠሪዎች ነጭ ቀጭን ጭቃ ከቀቡት በኋላ ዕቃውን የሚያስጌጡት በዚህ ጊዜ ነው። ከአሮጌ ሰዓት ሞላ የተሠራ ቀጭን ብረት በሚሽከረከረው ሳህን ላይ ሲያስጠጉት ብረቱ እየዘለለ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ጭረቶችን ይተዋል። ቶቢ ካና ይሉታል። እጀታም የሚገጠመው በዚሁ ሰዓት ነው፤ እጀታውና ዕቃው እኩል እርጥበት ካልያዙ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ከዚያ በላስቲክ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይደርቃል። መድረቁን ለማወቅ ዕቃውን ጉንጭ ላይ ማስነካት ይበቃል፤ ከቀዘቀዘ ውሃ አለበት።

ሁለቱ እሳቶች

ኦንታዎች በደረቁ ጥሬ ዕቃ ላይ ግሌዝ ቀብተው አንዴ ብቻ ይተኩሳሉ። ይህ ለጀማሪ አይመከርም፤ ጥሬ ሸክላ ግሌዝ ሲነካው በቀላሉ ይፈርሳል። ጀማሪ በቅድሚያ እስከ 1000 ዲግሪ ይተኩስ። እስከ 120 ዲግሪ ድረስ የእቶኑ መተንፈሻ ክፍት ሆኖ እሳቱ በጣም ቀስ ይበል፤ በጭቃው የቀረ ውሃ ተንኖ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። በ573 ዲግሪ አካባቢም መቸኮል አይገባም። እዚያ ላይ በአፈሩ ያለው ኳርትዝ በድንገት መጠኑን ይለውጣል።

ግሌዝ እሳት ውስጥ ቀልጦ መስታወት የሚሆን ልባስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆነው ቀላል ቅመም በእንግሊዛዊው በርናርድ ሊች ስም ይታወቃል። ሊች በ1920 ከጃፓናዊው ሾጂ ሃማዳ ጋር በእንግሊዝ ሴንት አይቭስ ወርክሾፕ የመሠረተ፣ በኋላም ልጁን ዴቪድን ያሠራ ሰው ነው፤ በ1954 ኦንታም ሄዷል። ልኩ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ነው፦ ለአንድ ኪሎ 400 ግራም ፖታሽ ፌልድስፓር፣ 300 ሲሊካ፣ 200 የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 100 ካኦሊን። ካኦሊን በአገራችንም በጉጂ ቦምቦውሃ ይወጣል። ዱቄቱ ወደ አንድ ሊትር በሚጠጋ ውሃ ይበጠበጥና ይጣራል። ዕቃው ለሦስት ሴኮንድ ያህል ይነከራል፤ ከዚያ እግሩ በእርጥብ ስፖንጅ ተጠርጎ ባዶ ይቀራል። ካልተጠረገ ግሌዙ ከመደርደሪያው ጋር ያጣብቀዋል። ዱቄቱ ሲመዘን ለብናኝ የሚሆን ጭምብል ይደረግ፤ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግ። የሲሊካ ብናኝ ሳንባን በማይድን በሽታ ይጎዳል።

ሁለተኛው እሳት 1280 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የሙቀት መለኪያውን ብቻ ማመን አይበቃም፤ በእቶኑ መመልከቻ ቀዳዳ ፊት ለፊት የሚቆም፣ በልኩ ሲሞቅ የሚጎብጥ ኮን ይቀመጥ። ኦንታ ውስጥ አንዳንድ ቤተሰቦች አንድ ተዳፋት ላይ የተሠራ የእንጨት እቶን በጋራ ይጠቀማሉ፤ እሳቱን ተፈራርቀው ሲጠብቁ ከሁለት ቀን በላይ ይወስዳል። እቶኑ ከጠፋ በኋላ ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አይከፈትም፤ ይህን ሕግ የሚያስጥሰው ጉጉት ብዙ ዕቃ ሰንጥቋል።

የተሠራውን ኩባያ ለሰው ከመስጠት በፊት ግማሹ ድረስ የሎሚ ጭማቂ ተሞልቶ ይደር። ጠዋት ጭማቂው የነካው ቦታ ከላዩ ይልቅ ከደበዘዘ ወይም ቀለሙን ከለወጠ፣ ኩባያው የአበባ ማስቀመጫ ይሁን እንጂ ቡና አይቀዳበት።